የማንን መንገድ ልከተል? ደብረ ብርሃን ላይ ጁጂትሱ ለሚሰራው ወንድሜ

ጥያቄው ይሄ ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ማስተር። የ23 ዓመት ልጅ ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ያደግኩት ግን መንዝ ነው። ልጅ ሆኜ ትግል እገጥም ነበር፣ በኋላም ትንሽ ቴኳንዶ ሰርቻለሁ። አሁን ከጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ስፖንጅ ዘርግተን፣ በላዩ ሸራ ወጥረን የብራዚል ጁጂትሱ እንሰራለን። የሚያሰራን ልጅ ውጭ አገር ቆይቶ የመጣ ባለ ሰማያዊ ቀበቶ ነው። ጎበዝ ነው፤ ግን ‹ወንድ ልጅ ቶሎ እጅ አይሰጥም› ይለናል። አዲስ አበባ ሄደን ከሌሎች ጋር እንድንሰራም አይፈልግም፤ ክህደት ነው ይላል። ማታ ማታ የትልልቆቹን ቪዲዮ አያለሁ። አንዱ ታገስ ይላል፣ አንዱ አጥቃ ይላል፣ አንዱ እግር ላይ ስራ ይላል፣ ሌላው ቀላሉን ብቻ ያዝ ይላል። ግራ ገባኝ። የማንን ፍልስፍና ልከተል? ጥቁር ቀበቶ ያለው አስተማሪ በሌለበት ከተማስ ጥቁር ቀበቶ መድረስ ይቻላል? እህቴም መጀመር ትፈልጋለች፤ ምን ይመክሩናል?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ የትኛው ማነቆ እንደሚሻል ነው። አንተ የጠየቅከኝ እንዴት መሰልጠን እንዳለብህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ፣ አሁን አዲስ አበባ አሰለጥናለሁ፣ ቡናማ ቀበቶ ነኝ። ያደግክበትን ትግል አውቀዋለሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድም አውቀዋለሁ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። በቪዲዮ የምታያቸው ሰዎች እያንዳንዳቸው የሚነግሩህ ለራሳቸው ችግር ያገኙትን መፍትሔ ነው። አንዱ ትንሽ ሰው ነበር፣ አንዱ ድሃ ነበር፣ አንዱ እጁ ጎዶሎ ነበር፣ አንዱ እግሩ ተጎድቶ መወዳደር አልቻለም፤ መንገዱን ያበጀው ከዚያ ተነስቶ ነው። ችግሩን ሳታውቅ መፍትሔውን ብቻ ብትወስድ ግራ መጋባትህ አይቀርም። ስለዚህ ንግግራቸውን ከመስማትህ በፊት ኑሯቸውን እወቅ። ከዚያ «የኔ ችግርስ የቱ ነው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሥሩ እንጀምር። ሚትሱዮ ማኤዳ የሚባል የጃፓን ጁዶ ሰው በ1914 ብራዚል ገባ፤ በኋላም ቤሌም በምትባል የሰሜን ብራዚል ከተማ ኖረ። ከእሱ የተማረው ካርሎስ ግሬሲ ለወንድሞቹ አስተማረ። ከወንድሞቹ መጨረሻ የተወለደው ኤሊዮ ነው፣ በ1913። ቤተሰቡ እንደሚተርከው ኤሊዮ ቀጭንና ደካማ ልጅ ስለነበር ወንድሞቹ በጉልበት የሚሰሩትን መስራት አልቻለም። ስለዚህ ጉልበት የሚቆጥብ አሰራር ፈለገ፤ የሰውን ክብደት በመፈንቀልና ጊዜ በመጠበቅ ላይ የቆመ። ፍልስፍናውም ከዚያ ወጣ። መጀመሪያ አትሸነፍ፣ ትልቁ ሰው ይድከም፣ አንተ ከስር ሆነህ ጠብቅ። «ታገስ» የሚለው ምክር ምንጩ እዚህ ነው። ሁልጊዜ ከሚከብዱት ሰዎች ጋር ለሚገጥም ሰው መታገስ በሕይወት የመቆያ መንገድ ነው። 90 ኪሎ ለሆነ ጎረምሳ ግን ያው ምክር ስንፍናን ሊያስተምረው ይችላል።

የአሰልጣኛችሁ «ወንድ ልጅ ቶሎ እጅ አይሰጥም» የሚለው አነጋገርም ሳይሆን አይቀርም ከዚሁ ከኤሊዮ ታሪክ የተቀዳ ነው። በ1951 ሪዮ ውስጥ ማራካና ስታዲየም ላይ ኤሊዮ ከጃፓናዊው የጁዶ ሻምፒዮን ከማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ገጠመ። ኪሙራ በክብደትም በጉልበትም ይበልጠዋል። ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ያዘው። ኤሊዮ ግን መሬቱን መትቶ እጅ አልሰጠም። በመጨረሻ ፎጣ ወርውሮ ግጥሚያውን ያስቆመው ወንድሙ ካርሎስ ነው። ያ የክንድ ጥምዘዛ ዛሬ በዓለም ሁሉ ኪሙራ ተብሎ ይጠራል። ታሪኩ ያምራል፤ እኔም ሳነበው ልቤ ይሞቃል። ግን ልብ በል። ያ ሰው 38 ዓመቱ ነበር፣ የቤተሰቡን ስም ይዞ በሕዝብ ፊት የቆመ፣ ምናልባት በሕይወቱ ትልቁ ግጥሚያው ነበር። ጎኑም የሚያስቆምለት ወንድም ነበረው። እናንተ ማክሰኞ ማታ ሸራ ላይ የምትሰሩት ልምምድ እሱን አይመስልም። ነገ ጠዋት ሥራ አለህ፣ ረቡዕ ደግሞ ልምምድ አለህ።

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከጠየቅከኝ ሁሉ ይሄ ነው የሚያሳስበኝ። ማነቆ በደንብ ሲገባ አንገት ግራና ቀኝ ያሉትን የደም ሥሮች ይጫናል፤ ሰው ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ራሱን ሊስት ይችላል። ክርን ሲቆለፍ መገጣጠሚያው ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ነው የሚሄደው፤ ጅማቱ ከተሳበ በኋላ «ትንሽ ልቆይ» የሚባል ነገር የለም። ከሁሉም የከፋው ሂል ሁክ ነው፣ ተረከዝ ይዞ ጉልበትን የሚጠመዝዘው። በእሱ ሕመሙ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ አመመኝ ስትል ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በጊ፣ ማለትም በወፍራሙ የጁጂትሱ ልብስ፣ በሚደረግ ውድድር ላይ ለማንም ቀበቶ አይፈቅደውም። ያለ ጊ በሚደረገው እንኳ የፈቀደው ከ2021 ጀምሮ ለአዋቂ ቡናማና ጥቁር ቀበቶዎች ብቻ ነው። እናንተ ዘንድ በልምምድ የሚሞክር ካለ ዛሬውኑ ይቁም።

ለጉልበት ጅማት የሚደረግ ቀዶ ጥገና ብዙ ገንዘብ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ማገገሚያም ወራት ይወስዳል። የእኛ አገር ልጅ ደግሞ ክርኑ ሲንቋቋ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻን አልንቅም፤ አንኮበር ላይ እጃቸው የተባረከ ሰዎች አውቃለሁ። ነገር ግን ያበጠ መገጣጠሚያ ሳይታይ አይታሽም፣ አይሳብምም። መጀመሪያ ራጅ ተነሳ፣ ሐኪም ይየው። ስብራት ያለበት ክርን ሲታሽ ጉዳቱ ይብሳል።

እጅ መስጠት ለምን እንደሚከብድህ አውቃለሁ። በትግል ጀርባህ መሬት ከነካ አበቃ። ጥምቀት ላይ ሰው ከቦ እያየህ ብትወድቅ ሳቁም ስሙም እስከሚቀጥለው ዓመት ይከተልሃል። በጁጂትሱ ግን ጀርባ መሬት ሲነካ ጨዋታው ገና መጀመሩ ነው። መጣል 2 ነጥብ ነው፤ የተጣለው ሰው ከስር ሆኖ ቢገለብጥህ እሱም 2 ያገኛል፣ ከእግሮቹ መሃል ሾልከህ ካለፍክ 3፣ ደረቱ ላይ ከተቀመጥክ ወይም ጀርባውን ከያዝክ 4። ስለዚህ በልምምድ መውደቅም እጅ መስጠትም ሽንፈት ተብሎ የሚመዘገብ ነገር አይደለም፤ የት ጋ እንደተበላህ የሚነግርህ መረጃ ነው። ቶሎ እጅ የሚሰጥ ልጅ በአንድ ማታ ብዙ ዙር ይሰራል፣ ብዙ ያያል። ጥርሱን ነክሶ የሚቆየው ልጅ አንድ ዙር ይሰራና ክንዱን አንጠልጥሎ ወር ይቀመጣል። ማን ቶሎ እንደሚያድግ አንተው አስላው።

የሚያስቸግርህ ሕመሙ ሳይሆን ከስር ስትሆን የሚመጣው ድንጋጤ ከሆነ ደግሞ የሪክሰንን ታሪክ ስማ። ሪክሰን ግሬሲ የኤሊዮ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ከሁሉም በላይ ጎበዝ የሚለው። እሱ ራሱ እንደተረከው ልጅ ሆኖ አንድ ትልቅ ሰው ስር ሲታፈን ደንግጦ እጅ ሰጠ። የቆጨው መሸነፉ ሳይሆን መደንገጡ ነበር። ቤቱ ሄዶ ወንድሙን በምንጣፍ ጠቅልለኝ አለው፤ በሙቀት፣ እጁን ማንቀሳቀስ በማይችልበት ቦታ፣ ትንፋሹን እያረጋጋ መቆየትን ተለማመደ። ሪክሰን ዕድሜውን ሙሉ ስለ ትንፋሽ የሚያስተምረው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላም ልጁን በሞት አጥቷል፣ በ2023 ደግሞ የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ለሕዝብ ተናግሯል። አሁንም ስለ ትንፋሽ ሲያወራ የምሰማው በዚህ ምክንያት ነው፤ አፉ ብቻ አይደለም የሚናገረው።

አንተ ወደ ምንጣፍ መጠቅለል አትሂድ። ከቡድናችሁ ከባዱ ልጅ ደረትህ ላይ ይቀመጥ፣ አይጨርስህ፣ ዝም ብሎ ይጫንህ። አንተ በአፍንጫህ እየተነፈስክ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ መጀመሪያ ይከብድሃል፣ ከለመድከው ግን አዲስ አበባ ስትመጣ ይጠቅምሃል።

አሁን ወደ ትግሉ ልመለስ። ትግል ማወቅህን እንደ ጉድለት እንዳታየው። ሮልስ ግሬሲን ተመልከት። ከ1951 እስከ 1982 ነው የኖረው፤ በሃንግ ግላይደር ሲበር ወድቆ በ31 ዓመቱ ሞተ። በዚያች አጭር ዕድሜ የቤተሰቡን አሰራር የለወጠው ከውጭ ለመማር ባለማፈሩ ነው። ከአሜሪካዊ ሬስሊንግ አሰልጣኝ ተማረ፣ ሳምቦ የሚባለውን የሩሲያ ትግል ሰራ፣ ጁዶ ሰራ፣ የሚጠቅመውን ወሰደ። «የእኛ ይበቃናል» በሚል ቤት ውስጥ አድጎ እንደዚያ መሆን ቀላል አልነበረም። አንተም ጠለፋህን፣ ወገብ አያያዝህን፣ ሚዛን ማወቅህን ይዘህ ግባ። አንድ ነገር ብቻ አስተካክል። በትግል ከጣልክ በኋላ ትለቃለህ፤ እዚህ ጥለህ መያዝ አለብህ። የትግል ልጆች ሲመጡ ሁሌ የማየው ይሄንን ነው፤ በሚያምር ጠለፋ ይጥሉና ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ወይ አንገታቸውን ይሰጣሉ።

ስለ ድህነቱም ልበልህ። ስፖንጅና ሸራ ላይ መስራታችሁን በሐፍረት የጻፍከው መሰለኝ። ኦስዋልዶ ፋዳን አታውቀውም ይሆናል። ከግሬሲ ቤተሰብ ውጭ በሉዊስ ፍራንሳ በኩል ከማኤዳ የሚመዘዝ የራሱ የትምህርት ሐረግ አለው። ግሬሲዎች በሪዮ ለባለጸጎችና ለባለሥልጣናት በግል ሲያስተምሩ፣ ፋዳ ከከተማው ዳር ያሉትን የድሃ ሰፈር ልጆች ነበር የሚያስተምረው፤ በሜዳ፣ በባሕር ዳርቻ፣ ብዙዎቹንም በነጻ። በ1950ዎቹ ልጆቹን ይዞ የግሬሲን አካዳሚ ግጥሚያ ጠየቀ፤ አሸነፉም። ያሸነፉበት ዋናው መሣሪያ የእግር ቁልፍ ነበር። በዚያ ዘመን የእግር ቁልፍ የሚሰራን ሰው በንቀት ጫማ ሰፊ ይሉት ነበር። እኛም አገር እጁ የሚሰራ ሰው ምን ይባል እንደነበር ታውቃለህ። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ያ የተናቀው ነገር የስፖርቱ እምብርት ሆነ።

ያንን ካደረጉት ዋነኛው ጆን ዳናሄር ነው፤ «እግር ላይ ስራ» የሚልህ ሰውዬ እሱ ወይም ተማሪዎቹ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ዳናሄር ኒውዚላንድ ነው ያደገው። ኒውዮርክ የመጣው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሊማር ነበር፤ ማታ የጭፈራ ቤት ጥበቃ ሆኖ ይሰራ ነበር። ከዚያ ሬንዞ ግሬሲ አካዳሚ ገባና ቀረ። እግሩ ከልጅነቱ የተጎዳ ስለነበር በውድድር ስም ማውጣት አልቻለም። ስለዚህ ጭንቅላቱን ሙሉ ለሙሉ ለማስተማር ሰጠ፤ እያንዳንዱን አቋም ደረጃ በደረጃ ፈትቶ አስቀመጠ። የሱ መንገድ ቀኑን ሙሉ አካዳሚ ውስጥ ለሚውሉ፣ የሰለጠነ ጓደኛና ጥንቁቅ አሰልጣኝ ላላቸው ልጆች የተበጀ ነው። ለእናንተ ጊዜው ገና ነው። ነገርን ፈትቶ የማሰብ ልማዱን ውሰድለት፤ የእግር ጥምዘዛውን ግን አሁን ተወው።

«ቀላሉን ብቻ ያዝ» የሚልህ ደግሞ የሮጀር ግሬሲ ወገን ነው። ሮጀር በጥቁር ቀበቶ 10 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የሚሰራው ጀማሪ በመጀመሪያው ወር የሚማረውን ነው፤ ደረት ላይ ይቀመጣል፣ ኮሌታ ይዞ ያንቃል። ሁሉም እንደሚመጣ ያውቃል፣ ማንም ግን አያስቆመውም። ነገር ግን ሮጀር ረጅምና ትልቅ ሰው ነው፣ ያደገውም ጁጂትሱ ቤት ውስጥ ነው። አባቱ ራሱ ጥቁር ቀበቶውን ያገኘው ከሮልስ ነው። ቀላሉ ነገር ለእሱ የሰራለት ከልጅነቱ ጀምሮ በእያንዳንዷ ኢንች ላይ ስለደከመበት ነው። ቢሆንም ከሁሉም ይልቅ ላንተ የሚቀርበው የሱ መንገድ ይመስለኛል፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ዣን ዣክ ማሻዶን ሳላነሳ አላልፍም። ግራ እጁ ላይ ጣቶቹ ሳይሟሉ ነው የተወለደው። ጁጂትሱ ደግሞ ጨርቅ ጨምድዶ የመያዝ ስፖርት ነው። እሱ መያዝ ስለማይችል ክንዱን በሰው ብብትና አንገት ስር ማስገባት፣ በሰውነት መጠምጠም ተማረ። ከጊዜ በኋላ ያለ ጊ ውድድር ሲመጣ ሁሉም የሚይዘው ጨርቅ አጣ፤ እሱ ግን ድሮም ጨርቅ አልነበረውም። በ1999 አቡ ዳቢ በሚባለው ትልቁ ያለ ጊ ውድድር በምድቡ አሸነፈ። እሱን ሳይ ሁሌ የምገረመው ለጉድለቱ ማካካሻ ሲፈልግ ሌሎቹ ያልደረሱበት ቦታ ቀድሞ መድረሱ ነው።

ሻምፒዮኖች ሁሉ የኑሮ አስተማሪ ናቸው ብለህ እንዳታምን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ፈርናንዶ ቴሬሬ ከሪዮ ካንታጋሎ ሰፈር የወጣ፣ በዘመኑ አቻ ያልነበረው የፈጠራ ሰው ነበር፤ በ2000ና በ2003 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ዕፅ ጣለው፣ ዓመታት ከስፖርቱ ጠፋ። ተመልሶ ግን እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ሕፃናት ማሰልጠን ጀመረ። እኔ ከወርቆቹ ይልቅ ይሄ ሁለተኛው ሥራው ይበልጥብኛል። ሳኦ ፓውሎ ላይም ሲሴሮ ኮስታ የሚባል አሰልጣኝ ገንዘብ የሌላቸውን ልጆች በነጻ ያሰለጥናል። 8 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሌያንድሮ ሎ ከዚያ ነው የወጣው፤ ነሐሴ 2022 ላይ በ33 ዓመቱ በጥይት ተገደለ፣ ነፍሱን ይማረው። እና በተከራያችሁት ክፍል አትፈሩ። ስፖርቱን የሠሩት ብዙዎቹ ሰዎች ከእናንተ የተሻለ ቦታ አልነበራቸውም።

ወደ «ክህደት» ልምጣ። ይሄ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብህ፣ አሰልጣኛችሁም ከራሱ አላመጣውም። ድሮ ሪዮ ውስጥ አካዳሚዎች እርስ በርስ ይገጥሙ ነበር፤ ምስጢር ይዞ ወደ ሌላ ቤት የሚሄድ ሰው እውነትም ጉዳት ያደርስ ነበር። በ1955 ቫልዴማር ሳንታና የሚባል የኤሊዮ ተማሪ ከቤቱ ተጣልቶ ወጣና ኤሊዮን ራሱን ገጥሞ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ በፈጀ ግጥሚያ አሸነፈው። የቤተሰቡን ስም ለመመለስ በኋላ ሳንታናን ያሸነፈው የካርሎስ ልጅ ካርልሰን ነው። ካርልሰን ራሱ ትልቅ ሰው ነበር። በሩን ለድሃ ከፈተ፣ በቡድን ማስተማርን አስፋፋ፣ «አጥቃ» የሚለው መንፈስም በብዛት የእሱ ቤት ነው። በ2000 ግን ምርጥ ተማሪዎቹ ጥለውት ወጥተው የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ፤ በጣም ነው የተጎዳው። ከሃዲ የሚለው ስድብ በስፖርቱ ውስጥ እንዲህ እስከ ዛሬ የቆየው ከእንዲህ ያለ ቁስል ነው።

ከሌላው ወገን ደግሞ ማርሴሎ ጋርሲያ አለ። 77 ኪሎ ምድብ ውስጥ የአቡ ዳቢን ውድድር 4 ጊዜ ያሸነፈ፣ በክፍት ምድብም በብዙ ኪሎ ከሚበልጡት ጋር ገጥሞ ሜዳልያ የወሰደ ሰው ነው። ኒውዮርክ ሲያስተምር የራሱን የዕለት ልምምድ እየቀረጸ በኢንተርኔት ለማንም ለቀቀው። ተቀናቃኞቹ እያዩት ነበር የሚሰራው። ሀሳቡ ግልጽ ነው። እኔን የሚያጠና ሰው እኔ ወደምጫወተው ጨዋታ ይመጣል፣ እዚያ ደግሞ እኔ እቀድመዋለሁ። ይሄ ሰው በ2023 የጨጓራ ካንሰር እንዳለበት ተነገረው፣ ታክሞ በጥር 2025 ባንኮክ ላይ ተመልሶ ገጥሞ አሸነፈ። ስለ እሱ ስጽፍ ደስ ይለኛል።

ደብረ ብርሃን ላይ ስድስት ሰባት ልጆች ብቻ ሆናችሁ የካርልሰንን ዘመን ቁስል ተሸክማችሁ መኖር አያስፈልጋችሁም። የምትጠብቁት ምስጢር የለም፣ የምትገጥሙት ጎረቤት አካዳሚም የለም። የሚያስፈልጋችሁ አዲስ የልምምድ ጓደኛ ነው፤ ሁሌ ከአንድ ሰው ጋር የሚሰራ ሰው የዚያን ሰው ጨዋታ ብቻ ይለምዳል። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት፣ በጠዋት ተነስቶ ሰርቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ግን ተደብቀህ እንዳትሄድ። መጀመሪያ አሰልጣኛችሁን ለብቻው፣ ቡና ጋብዘህ አናግረው። ያለውን ሳይሰስት እየሰጣችሁ ያለ ልጅ ነውና ምስጋናው ይቅደም። ከዚያ «አብረን እንሂድ» በለው። እሱም ብቻውን ሆኖ ነው እየለፋ ያለው፣ የሚያስተካክለው ሰው ይፈልጋል። ሰማያዊ ቀበቶ ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ማሰራት ይችላል፣ ብቻውን ሁሉንም መሸከም ግን አይችልም። እምቢ ካለና ማስፈራራት ከጀመረ ያኔ ሌላ ነገር ነው። በልምምድ ሰውን የሚጎዳ፣ እጅ ስትሰጥ ዘግይቶ የሚለቅ፣ ሌላ ቦታ እንዳትማር የሚከለክል፣ እነዚህ ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ከተገኙ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ተሰናበተው።

ወደ አንተ ችግር ስመጣ ከጻፍከው እንዳየሁት እንዲህ ነው። ከላይ ጠንካራ ነህ፣ ከስር ገና ነህ። አብሮህ የሚሰራው ሰው ጥቂት ነው። የሚያርምህ ሰው ሩቅ ነው። እጅ መስጠት ያሳፍርሃል። እንዲህ ላለ ሰው ጥቂት ነገር ደጋግሞ መስራት ነው የሚያዋጣው፤ የሮጀር መንገድ ይቀርብሃል ያልኩት ለዚህ ነው። ብዙ ነገር ስትሞክር ስህተትህን የሚነግርህ የለም፤ ጥቂቱን ከደጋገምክ ግን ሰውነትህ ራሱ ይነግርሃል። ከስር አንድ መገልበጫ፣ ከላይ አንድ ማለፊያ፣ አንድ ማነቆ፣ ደረት ላይ ሲቀመጡብህ አንድ መውጫ ያዝ። ለጥቂት ወራት በእያንዳንዱ ዙር ቆመህ ሳይሆን ከስር ጀምር፣ ጠለፋህን ለጊዜው አሳርፈው። አንዱ ዙር በስልክ ይቀረጽ። ማታ ሻምፒዮኖቹን ከማየትህ በፊት ራስህን እይ።

ስለ ቀበቶው፣ አዎ ይቻላል፣ ብቻህን ግን አይሆንም። በፌዴሬሽኑ ሕግ ቢያንስ 2 ዓመት በሰማያዊ፣ 1 ዓመት ተኩል በሐምራዊ፣ 1 ዓመት በቡናማ መቆየት አለብህ፤ በተግባር ግን ብዙ ሰው ከነጭ እስከ ጥቁር 10 ዓመት አካባቢ ይፈጅበታል። ቀበቶ የሚሰጥህ በሰውነቱ አብሮህ የሰራ ሰው መሆን አለበት። በኢንተርኔት ቪዲዮ ልኮ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣውን አትንካ። ከአንድ ጥቁር ቀበቶ አስተማሪ ጋር ቋሚ ግንኙነት ፍጠሩ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜም ቢሆን ይየህ። መሃሉን እናንተ ሙሉት።

ጥቂት የቤት ነገሮች። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጊዜ ሰውነት ሳይሞቅ ሮል (የልምምድ ፍልሚያ) አትጀምሩ፤ ጅማት የሚበጠሰው ያኔ ነው። ሸራውን ከየልምምዱ በኋላ በውሃ በቀጠነ በረኪና ጥረጉት፣ ጥፍር ይቆረጥ፣ ልብስ ይታጠብ። ጭርት የወጣበት ልጅ እስኪድን ይረፍ፣ ማንም አይቀየመው። በጾም ወቅት ልምምዱን ወደ ማታ አድርጉት፣ ከዚያ በኋላ በሶና ሽሮ በቂ ነው፤ የመንዝ ልጅ በሶ የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም።

እህትህ ትጀምር፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ። በብራዚል በ1990 የመጀመሪያዋ ሴት ጥቁር ቀበቶ የሆነችው ኢቮኔ ዱዋርቴ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ሴቶች በዚህ ስፖርት ብዙ ርቀት ሄደዋል። ትንሽ ሰው ትልቁን እንዲቋቋም ተብሎ የተበጀ ጥበብ ከእሷ የበለጠ ማን ይገባዋል? ግን ብቻዋን ወንዶች መሃል አታስገባት። ሁለት ሦስት ጓደኞች ይዛ ትምጣ፣ እርስ በርሳቸው ይጀምሩ፣ ከወንድ ጋር የምትሰራው እሷ ስትፈልግና ከመረጠችው ጋር ብቻ ይሁን፤ አልፈልግም ያለች ቀን ማንም ለምን አይበላት። በሩ ክፍት ሆኖ ይሰራ፣ እናትህም መጥተው ቁጭ ብለው ይዩ። ቤተሰብ ያየውን ነገር አይፈራም። መጀመሪያ እጅ መስጠትን፣ ሁለተኛ ከስር መውጣትን አስተምሯት፤ መጣሉን ካንተ ትማረዋለች። አዲስ አበባ ስትመጡ እሷንም ይዘሃት ና፣ እኛ ጋ የሚያሰሯት ሴቶች አሉ።